ዳገት ላይ የምትፈላ ሞተር

እሳት ሳይነድበት ውሃ እንዴት ነው የሚፈላው? እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ሳይንስም ነበረን፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረኝም። ባለፈው ታኅሣሥ ጥያቄው እህል አላስበላ አለኝ። የልጅ ልጄ የፀደይ ሞተር ሳይክል ዳገት ስትጀምር ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃ ይንተከተካል፣ በአፏም በጎኗም እንፋሎት ትተፋለች፣ ከዚያ ቀጥ።

ፀደይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። እናቷ ዓረብ አገር ስትሄድ በሦስት ዓመቷ ነው ለእኔ የተወቻት። አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ሥራ ያዘች ሲሉኝ፣ እዚሁ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ወንበር ላይ ትቀመጣለች ብዬ እልል አልኩ። እነሱ ግን ሞተር ሰጧትና ዝቋላ ወረዳ ወርደሽ ፍየል ክተቢ አሏት። ዝቋላ! መንገዱን ያየ ያውቀዋል፤ አንዱ ጎን ገደል ነው፣ ሌላው ጎን ደግሞ ገና ገደል ያልሆነ ነው።

ሞተሯ እንደ ድሮዎቹ በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ አይደለችም። እንደ መኪና ራዲያተር አላት፤ ከፊት ጎማዋ ጀርባ የተለጠፈ ወንፊት የመሰለ ነገር ነው። የሞተሩን ሙቀት የያዘው ውሃ በዚያ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል ይላሉ። መጀመሪያ የፈላችው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። በሁለተኛው ጊዜ አይሱዙ ላይ ከፍየሎች ጋር ጭነው አመጧቸው፤ ሞተሯ ተኝታ፣ ልጄ ቆማ። በሦስተኛው የቢሮው ኃላፊ ፀደይን ጠርቶ፣ "ሐሙስ ዝቋላ፣ ጽጽቃ ከተማ ደርሰሽ ሞተሯን እየነዳሽ ካልተመለስሽ ለምንይሉ እሰጣታለሁ፤ አንቺ ቢሮ ቁጭ ብለሽ ሪፖርት ትጽፊያለሽ" አላት። ምንይሉ አሮጌ ሞተር የሚነዳ የሥራ ባልደረባዋ ነው።

ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔው በሐዘን ይሁን በደስታ እስካሁን አልለየሁትም።

ሰኞ ጠዋት መካኒኩ ቢያዝን እቤት ድረስ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ብቻ እጁ ከሠራው አፉ የሠራው ይበልጣል። መጀመሪያ ሞተሯ ላይ ያሰርኩትን አጎዛ ፈትቶ በክብር አጥሩ ላይ ሰቀለው። አጎዛው የእኔ ሥራ ነው። የሰቆጣ የማለዳ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ልጅቷ ደግሞ ጉልበቷን ለነፋስ ሰጥታ ነው የምትበረው። ታዲያ ኅዳር ላይ ብርዱ ሲጠና፣ አልፍቼ ያስቀመጥኩትን የፋሲካ በግ ቆዳ ከነፀጉሩ አምጥቼ፣ ከፊት ካለው የእግር መከላከያ ብረት ግራና ቀኝ በአራት ጠፍር አሰርኩላት። ከመብራቷ ሥር እስከ እግር ማሳረፊያዋ ግጥም አድርጎ ይሸፍናል፤ ነፋስ ዝር አይልበትም። ያየው ሁሉ አድንቆልኛል። ምንይሉ እንኳ፣ "እማማ፣ ለእኔም ይሥሩልኝ" ብሎኛል።

"ውሃ አላት?" አለ ቢያዝን።

"ትናንት ሞልቼዋለሁ" አለችው ፀደይ።

"ትኩስ እያለች ክዳኑን እንዳትከፍቺ። ፊትሽን እንደ ድንች ነው የሚቀቅልሽ።"

ይህን እኔ ፊት መናገር ነበረበት? "ከዛሬ ጀምሮ ክዳን የሚባል ነገር እንዳትነኪ፤ የጀሪካንም ቢሆን!" አልኳት።

ሞተሯ ቀዝቃዛ ስለነበረች እሱ ከፈተው። ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ የሰው ዓይን አይቶት የማያውቅ አረንጓዴ።

"ይህን ጠጥታ ነዋ የታመመችው!"

"ኩላንት እኮ ነው እማማ፣ የሞተር ማቀዝቀዣ። ተራ ውሃ ውስጧን ያዝገዋል።"

ጎረቤቴ ወለተ ገብርኤል በአጥሩ በላይ ብቅ አለች። "ዓይን ነው" አለች። "ሴት ልጅ ሞተር ስትነዳ ስንቱ ያያታል! ምን እሷን ትፈታታላችሁ?"

"ዓይንማ በመፍቻ አይፈታም፣ እትዬ። እኔ መጀመሪያ ቴርሞስታቷን ልይ።"

ቴርሞስታት የሚላት የአውራ ጣት ታህል በር ናት። ውሃው ሲሞቅ አፏን ከፍታ ወደ ራዲያተሩ ታሳልፈዋለች፤ አልከፍትም ካለች ውሃው እዚያው ታፍኖ ይፈላል። ለመሞከር ደግሞ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት ሙቅ ውሃ የነበረው የእኔ የሽሮ ድስት ውስጥ ነው።

"ሽሮው ገብቶበታል እማማ?"

"ገና ነው። ምነው?"

ምነው ስል ከተታት። አራታችን ድስቱ ላይ አቀረቀርን፤ ወለተ ገብርኤል አጥሩን ዞራ እስክትመጣ እንኳ የጠበቅናት ይመስለኛል። ውሃው ሲንተከተክ በሯ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች።

"ከፈተች!" ብሎ ጮኸ ቢያዝን። ወለተ ገብርኤል እልልታዋን አቀለጠችው።

"ጤነኛ ናት" አለ።

"እሷስ ጤነኛ ናት፤ ድስቴስ?" አልኩ። ያን ቀን ምሳችን ደረቅ ዳቦ ሆነ።

ማራገቢያዋን አየ፤ ትዞራለች። ቱቦዎቿን ጨመቀ፤ አያፈሱም። ግቢው ውስጥ አስነሳትና ግማሽ ሰዓት ጠበቅናት፤ ምንም አልሆነችም። "በቃ ድናለች" አለና አጎዛውን አራግፎ መልሶ አሰረላት፤ ያውም ከእኔ ይበልጥ አጥብቆ፣ በድርብ ቋጠሮ። "የእማማ ሥራ እንዳይወድቅ" አለ። ፀደይ ነድታ ወጣች። ከተማው ጫፍ ያለውን ዳገት ሳታጋምስ ደወለች። ፈልታለች።

ማክሰኞም ያው። አጎዛውን ፈታ፣ የውሃ ፓምፗን አየ፣ ደህና። ራዲያተሩን አጠበ፣ ደህና። አጎዛውን አሰረ፤ ዳገት፤ ፈላች። ቢያዝን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። "ግቢ ውስጥ ጤነኛ፣ ዳገት ላይ በሽተኛ። እማማ፣ ይቺ ሞተር በሽታ የላትም፤ ሰነፍ ናት።"

ረቡዕ አጎዛው ዘይት ስለነካው አጥቤ አሰጣሁት። ቢያዝን እስኪደርቅ አልጠበቀም፤ ሞተሯን እንዲሁ ይዞ ወጣና ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ እያፏጨ ተመለሰ።

"አልፈላችም!"

"ምን አደረግክላት?" አለችው ፀደይ፣ ዓይኗ በርቶ።

"እንግዲህ... ሙያ ነዋ" አለና ደረቱን ነፋ።

እኔ ከሰዓት የደረቀውን አጎዛ ይዤ ወደ ሞተሯ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ጠፍር ላስር ጎንበስ ስል ያ ወንፊት ፊት ለፊት ተደቀነብኝ። ወንፊቱን አየሁ። አጎዛውን አየሁ። ደግሞ ወንፊቱን። ዕድሜዬን ሙሉ የጠላ ጥንስስ ብርድ እንዳይመታው ጋኑን የማለብሰው እንዲህ ነው። ለካ ልጄን ነፋስ እንዳይነካት ብዬ ሞተሯንም አፍኛታለሁ! ለካ ያ ወንፊት ነፋስ ነው የሚበላው።

እውነቱን ልናገር። ዝም ብዬ ባስረውስ ብዬ አሰብኩ። ሐሙስ ትፈላለች፤ ምንይሉ ይወስዳታል፤ ልጄ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ገደሉም እዚያው በቦታው ይቀመጣል። አንዱን ጠፍር አሰርኩ። ሁለተኛውን አሰርኩ። ቢያዝን መጥቶ፣ "ላግዝዎ እማማ" ብሎ ሦስተኛውን ራሱ አሰረው።

ፀደይ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስልክ ታወራ ነበር። የደወሉላት የዝቋላዋ ፍየል አርቢ ወለተሥላሴ ናቸው፤ መንደራቸው የፍየል ሳንባ በሽታ ገብቶ ያለቅሳሉ። "አይዞዎት" ትላቸዋለች። "የሚያስሉትን ለይተው ይሰሯቸው። ነገ እመጣለሁ። ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔው ራሴ ነኝ የምመጣው።" ራሴ ስትል ቀና አለች። እንዲያ ቀና ስትል እናቷን መሰለችኝ።

"ይፈታ!" አልኩ።

"ምኑ?" አለ ቢያዝን፣ አራተኛውን ጠፍር እንደያዘ።

"አጎዛው። እሱ ነው የሚያፈላት።"

ቢያዝን ሳቀ። "አይ እማማ! አጎዛና ራዲያተር ደግሞ ምን አገና..." ብሎ ቆመ። ወንፊቱን አየ። የገዛ ድርብ ቋጠሮውን አየ። ጆሮው ቀላ። "ይህን ነገር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማንም እንዳይሰማብኝ።"

"እኔ ሰምቻለሁ!" አለች ወለተ ገብርኤል ከአጥሩ ማዶ።

ፀደይ ስልኩን ዘግታ መጣች። "እምዬ፣ መቼ ነው ያወቁት?"

"አሁን።"

"አሁን መቼ?"

"ሦስት ጠፍር ቀደም ብሎ።"

ይቆጣኛል ያልኩት ፊት ሳቅ አመለጠው። ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። ቢያዝን ግን አልሳቀም፤ ቋጠሮው በጥርስ እንጂ በእጅ አልፈታ ብሎት ነበር።

ሐሙስ ማለዳ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ጭና ሄደች፤ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ጉልበቷን በእኔ ጋቢ ቅዳጅ ጠምጥማ። ቀኑን ሙሉ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ደጅ ወጥቼ ጭነቱን አየሁ። ሲሚንቶ፣ ፍየል፣ ማሽላ። አሥር ሰዓት ግድም ሞተሯ ራሷ እየጮኸች መጣች፤ ልጄ ላይዋ ላይ፣ አቧራ ለብሳ፣ ጥርሷ ብቻ እየታየ። ቢያዝንም ድምፁን ሰምቶ ተከትሎ ገባ።

"አንድ ጊዜ እንኳ አልፈላችም! የወለተሥላሴ ፍየሎች በሙሉ ተከትበዋል።"

"ኃላፊውስ ምን አለ?" አላት ቢያዝን።

"ሞተሯ የእኔ ናት። እንዲያውም ደስ ብሎት ከሰኞ ጀምሮ ኒሯቅንም ደረበልኝ።"

"ኒሯቅን? ወደ ተከዜ የሚወርደውን?" ቢያዝን እጁን ቁልቁል እያስኬደ አሳየ፤ እጁ መውረዱን አላቆም አለ። "እዚያ እንኳ ውሃው አይደለም የሚያሰጋው። ፍሬኑ ነው።"

"ፍሬኗን ታይልኛለህ" አለችው ፀደይ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እምዬ፣ ደስ አይልም?"

ሁለቱም አፍ አፌን እያዩ ጠበቁ። ነጠላዬን ከተሰቀለበት አወረድኩ፣ ተከናነብኩ፣ ፍሬኗን ለፈጣሪ አደራ ልል ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ።