የጣሪያው ቱቦ

ቤተ ክርስቲያናችን ፍሪድሊ ከተማ ውስጥ የገዛችው ሕንፃ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ነበር። ስልሳ ዓመት ሰው ሲወድቅበትና ሲነሣበት የኖረ ቦታ ነው። ፓስተሩ ቁልፉን የተረከበ ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ጣሪያውን እያየ አመሰገነ። እኔ የማየው ወለሉን ነበር። ከወለሉ ሥር በተዘረጋው ቧንቧ ውስጥ ምን እንዳለ ከጉባኤው የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ወንድም ኤጀታ።

አር ትዌንቲ ቱ ይባላል፤ የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታውም ያለ አይመስልም። አሮጌ ሕንፃ በማሽኑ ሆድ ይዞት ይኖራል፤ ካልነኩት ዝም ይላል። ጣጣው የሚመጣው ሕንፃው ሲታደስ ነው። ሰው ይቸኩላል፤ ቫልቭ ይከፈታል። ሽቅብ የወጣው ጋዝ ከፀሐይ የሚከልለንን ኦዞን ይበላል፤ በዚያ ላይ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝብናል። እዚያ ማሽን ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፓውንድ ነበር፤ ጎኑ ላይ ከተለጠፈው ቆርቆሮ አነበብኩት። ሒሳቡን መኪናዬ ውስጥ ሠራሁ። ፎርት ስኔሊንግ ኤርፖርት ተራ ከምንጠብቀው ሹፌሮች ሁለት መቶዎቻችን ዓመት ሙሉ ነድተን ነው ያንን ያህል ጥፋት የምናጠፋው።

እኔን ሹፌር ያደረገኝ ኤጀታ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የእሱ ድርጅት ውስጥ የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ የሙያ ፈቃድ ካርድ ያለኝ። ሕጉ ከአሮጌ ማሽን የሚወጣው ጋዝ ወደ ሲሊንደር ይሳብ፣ ይመዘን፣ ቅጽ ይሞላ፣ ቴክኒሻኑ ይፈርም ይላል። እኛ ግን ወንድማማቾች ነን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን፤ ከአሜን በኋላ ኤጀታ አምስት ባዶ ቅጽ ያቀርባል፤ እኔ እፈርማለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ይዞ እኔን ከማሳደድ ተገላገለ። አሁን አብሮህ የጸለየን ሰው "ቆይ፣ መጀመሪያ ሙላውና ልየው" እንዴት ትለዋለህ?

ፕሊማውዝ ከተማ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ሲታደስ እኔን ሌላ ሳይት ልኮ ቫልቩን ራሱ ከፈተው። ሰው አይቶ ሪፖርት አደረገ። የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ኤጀታ ራሱ የሞላውን፣ የእኔ ፊርማ ያለበትን ቅጽ አቀረበ። ካርዴ ተሰረዘ። እሁድ ከጉባኤ ስንወጣ በሰው ፊት አቀፈኝና በኦሮምኛ አጠራር "ያ መርጋ፣ ስላንተ እየጸለይኩ ነው" አለኝ።

"አሜን" አልኩት። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ አሜን ስለው ኖርኩ።

የአዳራሹ እድሳት ለማን እንደተሰጠ መናገር አያስፈልገኝም። ኤጀታ መድረክ ላይ ወጥቶ "ለትንሣኤ እዚህ እናመልካለን" ብሎ ቃል ገባ። ጋዙን በወጉ የሚያወጡት ባለሙያዎች ደግሞ "ከሦስት ሳምንት በፊት አንደርስም" አሉት። ትንሣኤ አስር ቀን ቀርቶታል። ይህን የነገረችኝ የምስክርነት ሰዓት አስተባባሪዋ እህት አሰፋሽ ናት።

"እንቅልፍ አጥቷል እኮ። ጸልይለት፣ ወንድም መርጋ።"

"እጸልያለሁ" አልኳት፤ ደግሞም ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ፣ አስቸኩለው።"

ሐሙስ ረፋድ ላይ ፍሪድሊ ሰው አድርሼ ስመለስ በአዳራሹ ጀርባ ዞርኩ። ከማሽን ክፍሉ የወጣ ቱቦ በግድግዳው ሽቅብ ሄዶ ጣሪያው ጫፍ ላይ ታስሯል። ፀሐይ ወጥታለች፤ ሰው ጃኬቱን አውልቋል፤ ቱቦው ብቻ ከላይ እስከ ታች ነጭ አመዳይ ለብሷል። እንዲህ የሚያደርገው በውስጡ የሚያልፍ ጋዝ ነው።

ፎቶ አነሣሁት። አራት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ይላል። የተቆጣጣሪዎቹ ስልክ ቁጥር ካርዴን ከቀሙኝ ቀን ጀምሮ ስልኬ ላይ አለ። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ አሰብኩ። አሁን ብደውል ይመጣሉ፤ አብዛኛው ጋዝ ገና ውስጥ ነው። ኤጀታም "ሊክ አድርጎ፣ ሾልኮብን ነው፣ ልናስተካክለው ነበር" ይላል። ቀጥሎ "ይሄ ሰውዬ ቂም ይዞብኝ ነው" ይላል፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ለማስጠንቀቂያ አልነበረም አራት ዓመት የጠበቅኩት።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ምሳዬን ያለ ሰዓቱ አወጣሁና መኪናው ላይ ተደግፌ፣ ቱቦውን እያየሁ በላሁ። እንደዚያን ቀን ምግብ ጥሞኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ለአሰፋሽ ደወልኩ።

"እሁድ ወንድም ኤጀታ ይመስክር እንጂ። ጌታ ትልቅ ነገር አድርጎለታል።"

"ምን አደረገለት?"

"እሱ ራሱ ይናገረው። በዝርዝር።"

"አንተ የተባረክህ! እኔ እኮ ቅር ያለህ ይመስለኝ ነበር።"

ኤጀታ ሲመሰክር ቁጥር ይወዳል። ስለ ሐሞት ጠጠሩ ሲመሰክር ሚሊሜትሩን ሳይቀር ነግሮናል። ሌላም ነገር አለ፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አማርኛ ስለማይከተሉ እህት ፀሎት ከኋላ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሆና ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉማለች፤ ድምፅዋም ከቪዲዮው ጋር ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ፀሎት የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ቁጥር አትዘልም።

እሁድ ኤጀታ ማይኩን ጨበጠ።

"ሃሌ ሉያ! ቅዱሳን፣ ባለሙያ የተባለው ሁሉ ሦስት ሳምንት አለኝ። እኔ ቱቦ ሰካሁ፤ ጣሪያ ላይ አወጣሁ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፓውንድ ጋዝ በአንድ ቀን! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ፤ ወደ ሰማይ! አንድ ሰው አላሳለው፣ አንድ ደወል አልጮኸ!"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ። እኔም ከሁሉ አስበልጬ አልኩ። የጆሮ ማዳመጫ ያደረገው አንድ ወጣት ግን አፉን ከፍቶ ወደ መስታወቱ ዞረ። ፀሎት ፓውንዱንም ሰዓቱንም አንድ ሳታስቀር ተረጎመች።

ኤጀታ ሊወርድ ሲል ተመለሰ። "ሌላም ምስጋና አለኝ። ከአንድ ወንድም ጋር የነበረብኝን ነገር ጌታ ሐሙስ ዕለት ፈታልኝ። ስም አልጠራም።" እንባ ባዘለ ዓይን ወደ እኔ አየ። ነገሩ አልገባኝም፤ ሊገባኝም አልፈለግሁም።

ሰኞ ጠዋት ቪዲዮውንና ፎቶውን ለተቆጣጣሪዎቹ ላክሁ። ትርጉሙን ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ስለሠራችው አልደከምኩም።

እድሳቱ ስለታገደ ትንሣኤን ድሮ በምናመልክበት ቦታ አከበርን። በሰኔ ኤጀታ ሥራውን ተከለከለ። ተቆጣጣሪዎቹ የፕሊማውዙንም ዶሴ ሲያወጡ ፊርማው የእኔ፣ ጽሑፉ የእሱ መሆኑን አዩ፤ ሲጠይቁት አልካደም። ካርዴ ተመለሰልኝ። በመጨረሻ ሁለታችን ቢሯቸው በተጠራን ዕለት የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ሴትዮ ፎቶዬን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ያን ሰዓት ለምን አልደወልክም?"

"ተሳፋሪ ይዤ ነበር።"

ጻፈችው። ኤጀታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ እጁን ያያል።

ፓርኪንጉ ላይ ተከትሎኝ መጣ። ከስቷል። የሚለምነኝ መስሎኝ ቀና ብዬ ቆምኩ፤ ያቺን ቀን በሐሳቤ ስንቴ ተለማምጃታለሁ።

"ተሳፋሪ አልነበረህም" አለኝ። "ጣሪያው ላይ ነበርኩ፤ አየሁህ።"

የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

"ስልክ ስታወጣ ወርጄ ቫልቩን ዘጋሁት። አለቀልኝ አልኩ። ማሽን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ስትደውል ጠበቅሁ። አንተ ስልክህን ኪስህ ከተትክና ምሳህን በላህ። ይቅር ያልከኝ መሰለኝ፣ ያ መርጋ። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።" አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። "ከዚያ መልሼ ከፈትኩት።"

"ስትዘጋው ስንት ወጥቶ ነበር?" አፌ ነው የጠየቀው፤ የሙያ ነገር።

"መቶ ፓውንድ ቢሆን ነው።"

አራት ዓመት ያስቀመጥኩለት ቃል ነበረኝና አወጣሁት።

"ስላንተ እየጸለይኩ ነው።"

አሜን አላለም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት፤ አንድ ሺህ አንድ መቶው ፓውንድ የወጣው ስልኬን ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ነው። ከሁለት መቶዎቹ ሹፌሮች መቶ ሰማንያ ሦስቱ የእኔ ናቸው።