ከግድግዳው የወረደው ፊርማ

ኩራሞቺ የኑድል ቤቱን ተንሸራታች በር ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ባዶውን ግድግዳ ነበር። አዲሱ ዓመት ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል፤ እንደ ከተማው ቤት ሁሉ ይህም ቤት የዓመቱን ጥላሸት እያራገፈ ነው። ስመ ጥር እንግዶች ፈርመው የተዉአቸው ነጫጭ ካርቶኖች ወርደው ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተቆልለዋል።

አንዱ የእሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከማቀዝቀዣው በላይ ተሰቅሎ ኖሯል። እሱም በዓመት አንዴ፣ በባቡር ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ ሊያየው ይመጣል። ማንነቱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አንድ ቀን አንዱ ፊርማውንም ፊቱንም አይቶ «አንተ ነህ እንዴ?» እንዲለው ነበር ምኞቱ። የሰው ነገር! አሥራ አራት ዓመት ለዚህች ከተማ የእግር ኳስ ቡድን ተከላካይ ሆኖ፣ ጉልበቱን ሁለቴ ተቀዶ፣ የተረፈው ምኞት ይኸው ነው።

ኩራሞቺ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ የቀረበለትን የኑድል ሾርባ መብላት ጀመረ። የቤቱ ባለቤት ሂሳኖ ካርቶኖቹን በጨርቅ እየወለወለች አንድ በአንድ ለተመጋቢዎቹ ታሳያለች።

«ያወቃችሁት ይሰቀላል፣ ያላወቃችሁት ሣጥን ይገባል። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና ያገኙትን ሁሉ ነበር የሚያስፈርሙት።»

ዘፋኟ ታወቀች፤ የሱሞ ታጋዩም ታወቀ። ቀጥሎ እንደ ተወሳሰበ ክር ያለ ፊርማ ወጣ። ኩራሞቺ የራሱ መሆኑን ገና ከሩቅ አወቀ።

«ይቺስ? ከሥሯ አራት ቁጥር አለባት።»

ከጎኑ የተቀመጠው፣ ከዓሣ ገበያ ጡረታ የወጣው ሽማግሌ ኦጋታ የቡድኑን ብርቱካናማ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። ዓይኑን አጨንቁሮ «ዘፋኝ ይሆን?» አለ።

«ዘፋኝ ቁጥር የለውም፣ ጋሼ ኦጋታ!» አለች ሂሳኖ።

«እንግዲያው እስረኛ ነዋ!»

ቤቱ ሳቀ። ሂሳኖም እየሳቀች ካርቶኑን ሣጥኑ ውስጥ ጣለችው።

ኩራሞቺ የመብያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። ሁለት መቶ ዘጠና ጨዋታ ተጫውቷል፤ ስንት የማይቀር ጎል አድኗል። ያዳነውን ግን ማን ይቆጥርለታል? ይህች ከተማ የማትረሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ያውቀዋል። ደግሞ እሱን ከመናገር ዝም ብሎ መውጣት ይቀል ነበር።

«ኩራሞቺ ነው» አለ።

«ማን?»

«ኩራሞቺ። ያ... በመጨረሻው ደቂቃ በራሱ መረብ ላይ ያገባው።»

ኦጋታ ባንኮኒውን በጥፊ መታው። «ወይኔ! ያ ጉደኛ! በእሱ ጦስ አይደል ወደ ታችኛው ሊግ የወረድነው! አባቴ ሦስት ቀን አላናገረንም እኮ!» እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። «አውጪው እትዬ፣ ስቀዪው! እሱንማ እንዴት አድርገን እንረሳለን?»

ሂሳኖ በርጩማ ላይ ወጥታ ካርቶኑን የድሮ ቦታው ላይ ሰቀለችው። ኦጋታ ወደ ግድግዳው አንጋጦ ቆየ። አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው አልዞረም።

«ለመሆኑ በሕይወት አለ?» አለ።

ኩራሞቺ ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጁ አነሣ። ሾርባው ቀዝቅዟል።

«አለ መሰለኝ» አለና እስከ አተላው ጠጣው።