ቆጥ ላይ ያደሩት ዶሮዎች

ማክሰኞ፣ ሐምሌ ዐሥራ አምስት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የድንገተኛ ክፍሉ ይዞታ ይህ ነበር። አልጋ ስድስት፤ አራቱ ተይዘዋል። የኦክስጅን ሲሊንደር ሁለት፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው የመለኪያው መርፌ ከግማሽ በታች የወረደ። ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ አንድ። በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫና አረንጓዴ ካርዶች፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ሲስተር የምሥራች። እንጅባራ ከሌሊቱ ጀምሮ ይዘንብባት ነበር፤ አግዳሚው ላይ እስካሁን የተቀመጠ ሰው የለም።

የምሥራች በዚህ በር ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በሽተኛ ከባጃጅ ሲወርድ አይታ የት እንደሚተኛ ትወስናለች፤ አብዛኛውን ጊዜ አትስትም። ስንት ጊዜ እንደሳተች ግን የቆጠረ የለም። ይህን በሰው ፊት የነገራት ዶክተር እንዳልካቸው ነበር።

እንዳልካቸው የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከመጣም ሦስት ወሩ። በሽተኞችን እንደ ሕመማቸው ክብደት የሚለየውን አዲሱን ቅጽ ይዞ የመጣው እሱ ነው። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃትና አረማመድ ይመዘገባሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ አለው፤ ድምሩ የካርዱን ቀለም ይሰጣል። ሁለትና ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ይጠብቃል። ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ «ያልተለካ አይጻፍም» የሚል ወረቀት በትልቁ አስለጥፏል።

በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን የምሥራች ተነሥታ፣ አንዳንዱ በሽታ ከመሣሪያው ቀድሞ እንደሚሸታት ተናግራ ነበር።

«ሲስተር፣ አፍንጫሽ ስንት ነጥብ ይሰጣል?» አላት እንዳልካቸው። «ቅጹ ላይ ቦታ ላበጅለት።»

ሰባት ነርሶች ሳቁ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው የምሥራች ራሷ ሥራ ያስለመደቻት ዋሂዳ ነበረች። በሥልጠናው ማብቂያ ፈተና የምሥራች ከመቶው ሃምሳ ስምንት አገኘች፤ ማለፊያው ሰባ ነው። ውጤቱ ከነስሟ ተለጠፈ። ቀጥሎ ለነርሶች ኃላፊ ደብዳቤ ተጻፈ፦ ማክሰኞ ዕለት በቅጹ ብቻ ትሠራለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ቅጾቹን አንድ በአንድ ያያል፤ ከሁለት በላይ ስሕተት ከተገኘ ወደ ካርድ ክፍል ትዛወራለች። ካርድ ክፍል ማለት ስም መጻፍና ፋይል መፈለግ ነው።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰላም አላለችውም። እሱም በአራተኛው ቀን ሰላም ማለቱን ተወ። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ግን አንድ ነገር ቆርጣ ነበር የመጣችው። እንዳላት ታደርጋለች። ከቅጹ ዝንፍ አትልም። ቅጹ ሲሳሳት ስሕተቱ የእሱ ይሆናል።

ሦስት ሰዓት ከዐሥር ላይ አንዲት ሴት በሰው ትከሻ ተደግፋ ገባች። በቀለች ትባላለች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአዲስ ቅዳም አቅጣጫ በሚኒባስ ነው የመጣችው። የደገፋት የባሏ ወንድም አዝመራው ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር የከሰል ዱቄት ገብቷል። ራሷን ይፈልጣታል፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስመልሷታል፣ ምች ሳይሆን አይቀርም አለ በአማርኛ።

የምሥራች ለካች። ትንፋሽ ዐሥራ አራት። የልብ ምት መቶ አራት፣ አንድ ነጥብ። ግፊትና ሙቀት ደህና ናቸው። ስሟን ስትጠየቅ መለሰች። የምትራመደው በድጋፍ ነው፣ አንድ ነጥብ። ጣቷ ላይ የተደረገው መሣሪያ ዘጠና ዘጠኝ አለ፤ ጤነኛ ሰው ላይም ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ድምር ሁለት።

አዝመራው እዚህ ላይ ወደ አዊኛ ዞረ። የምሥራች የእናቷ ቋንቋ ነው፤ በዚያ ሰዓት በሩ አካባቢ ከእሷ ሌላ የሚሰማው አልነበረም። ሰውየው ብሶቱን ነበር የሚያወራት። የከሰሉን ክምር የከፈቱት ትናንት ነው፤ በጆንያ ሞልተው ሳይጨርሱ ዝናቡ ደረሰባቸው። እንዳይረጥብ ብለው ዐሥራ አንዱን ጆንያ ቤት አስገቡት፤ በቀለችም በሩን ዘግታ እዚያው ተኛች። ጠዋት እሷ እንዲህ ሆና ተነሣች፤ ቆጥ ላይ ያደሩት ሁለት ዶሮዎችም መሬት ወድቀው ሞተው ተገኙ። ዘንድሮ መከራው በአንድ ላይ መጣብን፣ ዶሮዎቹንም ፈንግል ሳይገባባቸው አልቀረም አላት።

የምሥራች መጻፏን አቆመች።

አዲስ የተከፈተ ከሰል ከላይ ሲያዩት የጠፋ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይቆያል። ለዚህ ነው አክሳዮቹ አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ የሚያሳድሩት። ዝናብ ያጣደፈው ሰው ግን ያስገባዋል። ጆንያው ውስጥ ያለ ነበልባልና ያለ ጭስ ሲፋጅ ያድራል፤ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም። ከስድስት ዓመት በፊት ባልና ሚስት እንዲሁ ሆነው መጥተው የተረፈችው ሚስቲቱ ብቻ ነበረች። በዚያን ቀንም በሩ ላይ የነበረችው የምሥራች ናት።

ቅጹን አየችው። ለዶሮ የሚሆን ቦታ የለውም። ዐይኗን አንሥታ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አነበበች። ከዚያ አረንጓዴውን ካርድ ለአዝመራው ሰጥታ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ አለችው።

ደስታ የሚመስል ነገር ተሰማት። ስድስት ሰዓት ላይ ይህን ቅጽ ለብቻው አውጥታ ፊቱ ታኖርለታለች፤ ሁለት ዶሮዎች የነገሩትን የእርስዎ ወረቀት አልሰማም ትለዋለች፤ ዋሂዳም ቆማ ትሰማለች። ሴትየዋን ሩብ ሰዓት ብቻ አቆይቼ አስገባታለሁ ስትልም ለራሷ ቃል ገባች።

ሩብ ሰዓቱ ሳይሞላ ጋሪ የተገለበጠበት ሰው መጣ። እሱን ተከትላ ምጥ የያዛት፣ ከዚያም ሁለት ትኩሳት ያለባቸው ገቡ። እያንዳንዳቸውን ለክታ ደመረች። ሁለት ጊዜ ወደ አግዳሚው ተመለከተች፤ በቀለች አዝመራው ትከሻ ላይ ተደግፋ የተኛች ትመስል ነበር።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ በቀለች ከአግዳሚው ወደቀች፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምሥራች ምንም አልለካችም። ከዋሂዳ ጋር አንሥተው አስገቧት፤ ሙሉውን ሲሊንደር እስከ መጨረሻው ከፍታ ጭምብሉን ፊቷ ላይ አደረገች። ሰዓቱ ሦስት ከሃምሳ አንድ ነበር።

እንዳልካቸው ሌላ በሽተኛ ከሚያይበት መጋረጃ ጀርባ ወጥቶ መጣና መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን መርፌ ወጋት። ሰውነቷ ሲረጋ ጣቷ ላይ ያለውን መሣሪያ አየ።

«ዘጠና ዘጠኝ ላላት ሴት ሙሉ ሲሊንደር የከፈተው ማነው? ዋሂዳ፣ ዝጊው።»

«እንዳትነኪው» አለች የምሥራች።

«ሲስተር፣ ቁጥር ማንበብ እችላለሁ።»

«እንግዲያው ያንብቡ። ከዐሥራ አንድ ጆንያ ትኩስ ከሰል ጋር በር ዘግታ ነው ያደረችው። ቆጡ ላይ የነበሩት ሁለት ዶሮዎች ሞተዋል።»

እንዳልካቸው ወደ ሲሊንደሩ የዘረጋውን እጅ መለሰ። የማያውቀው ነገር አልነበረም። የከሰል ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ሲይዝ፣ ያ መሣሪያ ሁለቱን አይለይም፤ ሰው እየታፈነም ዘጠና ዘጠኝ ይላል። በሥልጠናው በሦስተኛው ቀን ራሱ አስተምሮታል። ቅጹ ላይ ግን አላስገባውም። ጭምብሉን ይበልጥ አጠበቀው፤ ሁለተኛው ሲሊንደር እንዲቀርብ አዘዘ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«መቼ ሰማሽ?»

የምሥራች የበቀለችን አንገት አቃናች።

«የዶሮዎቹን ነገር። አሁን ነው ወይስ ስትገባ?»

አሁን ብትል የሚያስተባብላት አልነበረም። አዝመራው ሰዓት አልያዘም፤ አዊኛውን የሰማ የለም፤ የቅጹ ጠርዝ ባዶ ነው። ዋሂዳ ወለሉን ታያለች።

«ስትገባ» አለች የምሥራች። «ለእርስዎ ነበር ያስቀመጥኩት።»

እንዳልካቸው ሰዓቱን አየ። «በእኔ ላይ የያዝሽውን ቂም እሷ ላይ ተወጣሽው።»

«የምናገረውን ወሬ ያደረጉት እርስዎ ነዎት።»

«ወሬ አድርጌዋለሁ። አፍሽን ግን አልያዝኩትም።»

የምሥራች ቅጹን ከጠረጴዛው አመጣችው። ጠርዙ ላይ በእጇ ጻፈች፦ «ትኩስ ከሰል ቤት አድሯል። ሁለት ዶሮ ሞቷል። የተነገረኝ 3፡16።» ፈረመች። እንዳልካቸው አነበበው፤ ከሥሩ እሱም ፈረመ። በዚያን ቀን ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

ሐምሌ ሃያ አራት ቀን የምሥራች ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረች። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ «አብሮ ካደረው ሰው ወይም እንስሳ የታመመ ወይም የሞተ አለ?» አዎ ካለ ሦስት ነጥብ ይሰጣል፤ በዚህ ብቻ አረንጓዴ መሆን ይቀራል። የተጨመረበት ደብዳቤ ላይ የእንዳልካቸው ስም እንጂ የእሷ የለም። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ አንዳቸውም ሰላም አይሉም።

በቀለች በአምስተኛው ቀን በእግሯ ወጥታ ነበር። ያን ዕለት እንዳልካቸው የማስታወስ ችሎታዋን ሊፈትን ሦስት ቃል ነግሯት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሦስቱንም መለሰችለት። ጳጉሜን ሁለት ቀን ለቀጠሮዋ ስትመጣ ፋይሏን ከመደርደሪያው አውጥታ የሰጠችው የምሥራች ናት። ሴትየዋ አላወቀቻትም። ማታ ፋይሉ ሲመለስ የምሥራች ከፈተችው። የከሰል ጋዝ አንዳንድ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ አእምሮን ይጎዳል፤ ጉዳቱ ከሌሊቱ ይሁን አግዳሚው ላይ ከቆየችበት፣ ለይቶ የሚናገር ሐኪም የለም፤ ወረቀቱም አይናገርም። በእንዳልካቸው እጅ የተጻፈው ሁለት መስመር ነበር፦ ከመድረሷ ኦክስጅን እስኪጀመርላት፣ 41 ደቂቃ፤ ከሦስት ቃል ያስታወሰችው፣ አንድ።