ቀይ መስቀል ያለበት ድስት

ከቤሩት እንደተመለስኩ ወንድሜ ሰይፉ፣ «እማዬ ወልቂጤ እህቷ ዘንድ ናት፤ ቅዳሜ ትመጣለች» አለኝ። እኔም ቡታጅራ ቤት ተከራይቼ ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። አንድ ወፍራም ድስት ወደድኩና ቀዳዳ እንዳለው ለማየት ገለበጥኩት። ቂጡ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስቀል ተሠርቶበታል። እማዬ ለለቅሶ ቤት የምታውሰው ዕቃ እንዳይቀየርባት በእኔው ቀለም የምታደርገው ምልክት ነው።

«የሟች ዕቃ ነው፤ ልጇ ነው የሸጠልኝ» አለች ሻጯ። «ግን ንጹሕ ነው እህቴ፣ አትጸየፊ።»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሰይፉ መርዶ ሊነግሩኝ የመጡ ሽማግሌዎች አስከትሎ በሬን አንኳኳ። ድስቱን እግሩ ሥር ወረወርኩት።

«ሞቷን ከደበቅክ አይቀር ድስቷንም አትደብቀውም ነበር?» አልኩት።