ከተራራው ማዶ ያለው ደመና

ኸድር እየሮጠ አውድማው ጋ ሲደርስ አባቱ ጋሼ ሙሳ የሸራውን አንድ ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ሌላውን ጫፍ ይዘው ከነፋሱ ጋር ይታገሉ ነበር። ዝናቡ ግን ቀድሟቸዋል። ለመወቃት የተሰጣው ማሾ ከዳር እስከ ዳር ርሷል።

"ያንን ጫፍ ያዝ! ድንጋይ ጣልበት!"

ኸድር ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ያዘ። ዝናቡ ጀርባውን ይገርፈዋል።

"ጥቅምት ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ!" አሉ አባቱ ፊታቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። "ያንተ ኮምፒውተር እንኳ አላየውም።"

ኸድር ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ጫፉ ላይ ጫነ።

ኸድር ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ደንበኛ ሲጠፋ በሱቁ ኮምፒውተር አውሮፕላን ያበራል። የጫናቸው የበረራ ጌሞች ሁለት ናቸው፤ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ አዲስ። ሁለቱም የሰዓቱን አየር ከኢንተርኔት እየወሰዱ ሰማዩን ይሥላሉ። እሱም ሰሞኑን ሁለቱን ማወዳደር ይዟል። የአሮጌው ደመና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጥጥ ነው፤ ሲጠጉት ወረቀት ይሆናል። በአዲሱ ደመና ውስጥ ግን ብርሃን ያልፋል፣ ወደ ማታ ጠርዙ ይቀላል፣ ሲገቡበት የአውሮፕላኑ መስኮት ጤዛ ይይዛል። ኸድር አንዳንዴ የት እንደሚሄድ ረስቶ እዚያ ውስጥ ሲዞር ይውላል።

ዛሬ ጠዋት አባቱ ደውለው ነበር።

"ልጄ፣ ከተራራው ማዶ ምን አለ? ማሾውን ላስጣው ወይስ ተከምሮ ይዋል? ባለፈው ሳምንት የነገርከኝ ልክ ነበር።"

ዝናቡ ከተራራው ጀርባ ነው የሚመጣው፤ ቆላው ላይ ለቆመ ሰው አናቱ ላይ እስኪደርስ አይታይም። ኸድር በአሮጌው ተነሳና ተራራውን ተሻገረ። ማዶው ላይ እንደ ካብ የተደራረበ ግራጫ ደመና ቆሟል። በአዲሱ ተሻገረ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ሁለት ሦስት ነጫጭ ደመናዎች ብቻ ጥላቸውን ገደሉ ላይ እየጎተቱ ያልፋሉ። ዓይኑን መንቀል አቃተው። "ይሄ አሮጌ ድሮስ መቼ ደመና ያውቃል" ብሎ አሮጌውን ዘጋው።

"ጥርት ያለ ነው አባ። ያስጡት።"

"አላህ ይባርክህ። ለሙሀባም እነግራታለሁ።"

ያኔ "ይቆዩ" ማለት ይችል ነበር። አላለም።

ዝናቡ ሲያባራ እትዬ ሙሀባ ከጎን ካለው አውድማቸው እጃቸው ሙሉ ማሾ ይዘው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እርሻውን የያዙት ብቻቸውን ነው። ሻሻቸው ውኃ ያንጠባጥባል።

"ኸድር አብራሪው! ምነው፣ አውሮፕላንህ ተከሰከሰ እንዴ?"

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

"የኔማ ሸራም አልነበረው" አሉ ማሾውን በአውራ ጣታቸው እያሹ። "ይጠቁራል፣ ይበቅላል። ነጋዴው ገና ሲያየው ፊቱን ያዞራል።"

"ልጁን ተዪው" አሉ ጋሼ ሙሳ። "ያየውን ነው የነገረን። የአላህ ቀደር ነው።"

"እኔስ ምን አልኩት? ያላየውን ከየት ያምጣ!"

ኸድር አንገቱን ደፋ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

አባቱ ወደ ተራራው አንጋጠው ቆዩ። ጫፉ በጉም ተሸፍኗል።

"በል እስቲ ሂድና እየው። ካለፈ እዚሁ አገላብጠን እናስጣው፤ ካላለፈ ሳይወቃ ከነቆባው ወደ ቤት እናግባ።"

"እኔም ያንተን ቃል ነው የምጠብቀው" አሉ እትዬ ሙሀባ።

ኸድር አልተንቀሳቀሰም።

"የማየው በሁለት ነው" አለ።

"ምኑን?"

"ሰማዩን፣ አባ። ጠዋት አንዱ ደመና አሳይቶኝ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ። አንዱ ደግሞ ጥርት ያለ። እኔ የነገርኳችሁ ያማረውን ነው።"

"ያማረውን?" አሉ እትዬ ሙሀባ ቀስ ብለው። በእጃቸው የያዙትን ማሾ አዩት።

ጋሼ ሙሳ ልጃቸውን ትክ ብለው ተመለከቱት። ከሸራው ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። "ጆንያ አምጣ" አሉ።

ኸድር አውድማው ዳር ካለው ጎጆ ጆንያዎቹን ተሸክሞ ወጣ። አባቱ አጠገብ ሲደርስ አልቆመም፤ ድንበሩን ተሻግሮ እትዬ ሙሀባ አውድማ ላይ በርከክ አለና እርጥቡን ማሾ በእጁ ማፈስ ጀመረ።