ማነጻጸሪያው ቤት

በሰፈራችን ካሉት አርባ ሦስት ቤቶች የአርባ ሁለቱን ጣሪያ የከደንኩት እኔ ነኝ። የቀረው አንዱ የእህቴ ቤት ነው።

ፕሮጀክቱ ሲመጣ ነገሩ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ አልነበረም የሚል ካለ ይዋሻል። ቦዩን እየዘጋ በየክረምቱ ጎርፍ ቤታችን የሚያስገባብንን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ለቅመን፣ አቅልጠን፣ በብረት ቅርጽ ጨፍልቀን የጣሪያ ክዳን እንሠራለን። ቆሻሻው ይጠፋል፣ ቤቱም አያፈስም። ሐሳቡ የአስተባባሪዋ ነው፤ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ልጅ ናት። ክዳኑ እንዳይሰነጠቅ ጠርዙን እናጥፈው ያልኩት ግን እኔ ነኝ። በየወረቀቱ «የማኅበረሰቡ ፈጠራ» ተብሎ ሲጻፍ፣ በሆዴ «ማኅበረሰቡ እኔ ነኝ» እል ነበር።

ሥራው አንድ ቤት ሲቀረው አስተባባሪዋ ስብሰባ ጠራች። ጎብኚዎች ሊመጡ ነው፣ ልዩነቱን በዓይናቸው ማየት አለባቸው፣ ስለዚህ አንድ ቤት እንዳለ ይቆይ አለች። ስሙም ማነጻጸሪያ ቤት ተባለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረተኛ ነው፤ ምንም ቢጠየቅ «ይታሰብበታል» ስለሚል ስሙን ይታሰብበታል ብለን አውጥተንለታል። የዚያን ቀን ግን ምንም አላሰበም።

«የሹፌሩ ቤት ይሁን» አለ። «መግቢያው ላይ ነው። ታማሚም አለበት፣ ለሚያየው ሆድ ያባባል።»

ሹፌሩ የእህቴ ባል ነው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ፣ ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ወስዶበት አልጋ ላይ ከዋለ ሦስት ዓመቱ ነበር። እህቴ ደግሞ እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ ናት፤ በሰው ፊት እምቢ ማለት አታውቅበትም። «እስከ ጉብኝቱ ከሆነ ምን ቸገረኝ» አለች። እጅ አውጡ ተባለ። እኔም አወጣሁ።

አንዱ ጉብኝት ሲያልፍ ሌላው ተተካ። በመጀመሪያው ማግስት የውሃ ቧንቧ ገባልን፤ በሁለተኛው የመንገድ መብራት። ከዚያ ወዲያማ የእህቴን ጣሪያ መክደን የሰፈሩን ጉሮሮ መዝጋት ሆነ። «ኧረ ይከደንላት» ያለ ሰው እንደ ምቀኛ ታየ። ራሷ ስትጠይቅ፣ «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይሏታል፤ ሃምሳውንም እሷን አሸክመው። ጎብኚ ሲመጣ ወለሉ ላይ የተደረደሩትን ሳፋዎች እንዳታነሳ ይነገራታል። ሹፌሩ ምላሱ ቢተሳሰርም ቀልዱን አልተወም። ጠብታ ግንባሩ ላይ ሲያርፍ፣ «የመስታወት መጥረጊያውን አብሩልኝ እንጂ፣ መንገዱ አልታይ አለኝ» ይላል።

ዝናብ ሊጀምር ሰሞን እህቴ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች።

«ሳሉ ከረረ» አለችኝ። «ሐኪሙ ሳንባው ብርድ አይችልም ብሏል። ቤቱን ሁሉ ክደንልኝ አላልኩህም። ከአልጋው በላይ ያለችውን ብቻ።»

«እታለም፣ ኮሚቴው ቢሰማ...»

«እኔ አንተን ሳሳድግ ኮሚቴ አስፈቅጃለሁ?»

ከትርፍራፊው ስድስት ክዳን መርጬ ከአልጋው በላይ መታሁለት፤ ከመንገድ እንዳይታይም አሮጌ ቆርቆሮ ደረብኩበት። ሁለት ወር ሙሉ ደረቅ ተኛ። ሳሉም ረገበለት።

ከዚያ ትልቁ ጉብኝት መጣ፤ የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ዙር የሚወሰንበት። አስተባባሪዋ ከዋዜማው ቤቱን ልታይ ገብታ ቀና ስትል ክዳኔን አየችው። አልተቆጣችም። ወደ ደጅ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ እኔንም አንጀቴን ይበላኛል» አለች። «ግን ገብተው ቀና ሲሉ ይሄን ካዩ አጭበረበሩን ነው የሚሉት። ለአንድ ቀን ብቻ ይነሳ።»

ይታሰብበታል አጠገቧ ቆሟል። «ሁለተኛው ዙር ክሊኒክ አለው፤ ለሹፌሩም ይተርፋል» አለኝ። «የክዳን ማምረቻው ኃላፊም አንተ ነህ ተብሏል።»

ክሊኒኩ ነው ያሸነፈኝ ብል ደስ ባለኝ። ኃላፊነቱ ነው።

በነጋታው እህቴ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ጠብቄ መሰላሌን አስደገፍኩ። አልጋውን እንዳላዛውር ክፍሉ ከአልጋውና ከሳፋዎቹ ሌላ አይችልም። ቆርቆሮውን ገፍፌ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። አምስተኛው ሲነሳ ሹፌሩ በቀዳዳው ሽቅብ ሲያየኝ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«አማቼ» አለ በተሳሰረ ምላሱ፤ «ጋራዥ ገባሁ እንዴ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው ጋሼ። ነገ እመልሰዋለሁ።»

ስድስተኛውን ነቅዬ ወረድኩና ሹፌሩን ላስቲክ አለበስኩት። ጎብኚዎቹ ሊገቡ ሲሉ አስተባባሪዋ ላስቲኩን አጣጥፋ አልጋ ሥር ከተተችው።

ጎብኚዎቹ ገና በሩን ሲያልፉ ዝናቡ ወረደ። ዣንጥላቸውን ቤት ውስጥ ዘረጉ። አንዷ ሴትዮ አለቀሰች፤ ሌላው ፎቶ አነሳ፤ ሹፌሩ ደረቱ ላይ ውሃ እየወረደበት በደህናው እጁ ሰላምታ ሰጣቸው። ይታሰብበታል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እግዜር ራሱ ኮሚቴ ገባልን» አለኝ። ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ።

እህቴ ስትመለስ ባሏ ከነፍራሹ በስብሶ ጠበቃት። «ክዳኑን ማነው ያነሳው?» ብላ ጮኸች። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እኔ ማምረቻው ነበርኩ፤ ማን እንደነቀለው እንጃ» አልኳት። በማግስቱ ክዳኑን መለስኩ። ብርዱ ግን ሳንባው ውስጥ ገብቷል።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። ዘጠኙንም ቀን ልጠይቀው ስሄድ ዛሬ ይነግራታል እያልኩ እፈራ ነበር። አልነገራትም። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የእሱ ሆድ እኔን ቻለ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሞተ። ሲነግሩኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር።

ለቀብሩ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሁለተኛው ዙር መጽደቁ በዚያው ሳምንት ተሰምቶ ስለነበር ሰው በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ በሌላው ይጠቃቀሳል። ከቀብር መልስ በእህቴ ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ እሷ ነጠላዋን አጥብቃ ብድግ አለች።

«ክዳኑን ያነሳው ማን እንደሆነ አልጠይቃችሁም» አለች። «ብጠይቅም አትነግሩኝም። ያ እጅ ግን ሲወድቅ አንሺ፣ ሲታመም አስታማሚ አያግኝ። አሜን በሉ።»

አስተባባሪዋ ጫማዋን ታያለች፤ ይታሰብበታል ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሚያውቁት ሁሉ እኔን ላለማየት አንገታቸውን ደፍተዋል። እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ምነው ወንድሜ? አንተ እንኳ አሜን አትለኝም? ከአንተ ሌላ ማን ቀረኝ?»

«አሜን» አልኩ።

ያኔ ሁሉም እኔን ተከትሎ አሜን አለ። እህቴ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና፣ ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ዋለች።