የሻወሩ ዋጋ

«አሮጌውን ሻወር ነቅዬ አዲስ ለመግጠም ስልሳ ብር» አሉ ቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ ላቲቦ።

ገነቴ ከበር እስከ መስኮት ተንቆራጠጠች። «ብሩንስ እከፍላለሁ። የቀበሌ ቤት መሆኑ ነው ጣጣው። ጎረቤቴ ጥሩሰው ሻወሯን ባሳደሰች በወሩ አስወጥተዋት ቤቱን ለካድሬ ሰጡት። እኔስ ከሆሳዕና ከተማ ወዴት ልሂድ?»

«በጣሳ ታጠቢ እንግዲህ!»

«ጣሳውን ለካድሬው ይስጡልኝ! ይልቅ ማንም ሳይሰማ ይግጠሙት።»

ተገጠመ። ገነቴ ዝናቡ ቆርቆሮውን እስኪደበድበው ጠብቃ ከፈተችው፤ ውሃው ትከሻዋ ላይ ሲወርድ ቀበሌውንም ረሳችው። ፀጉሯን በሳሙና እንዳሸች ግን ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ። ቧንቧውን ዘጋች። አረፋው ዓይኗን እያቃጠላት፣ በአጥሩ በኩል የሚመጣው ኮቴ እስኪያልፍ ትንፋሿን ውጣ ቆመች።